ሳይለካ የታለፈው መሬት

ከዚያ ቀን በፊት ስለ ሥራዬ የነበረኝ አስተያየት ጥሩ ነበር። ደብረ ታቦር ተቀምጬ ለአንድ ጋዜጣ ዘገባ መላክ ከጀመርኩ ዓመታት አልፈዋል። ያላየሁትን አልጽፍም፤ ስሙን ያልነገረኝን ሰው አልጠቅስም። ባልደረቦቼ «ድንጋዩ» ይሉኝ ነበር፣ ስለማልቆጣ። ለቅሶ ቤትም ልግባ ስብሰባ ድምፄ አይለወጥም። ይኼን እንደ ሙያ ክብር እቆጥረው ነበር። ዛሬ የምነግራችሁ ስለተቆጣሁበት ቀን ነው። ቁጣው እስካሁን አልበረደልኝም፤ እንዲበርድም አልፈልግም።

ነገሩ የተጀመረው በግንቦት ነው። ከጉና ተራራ ወገብ ወረድ ብላ በምትገኝ አንዲት ቀበሌ ገደሉ ላይ ጥቁር መስመር ይታያል። የድንጋይ ከሰል ነው። የቀበሌዋን ስም ነዋሪዎቿ እንዳይጠቀስ ስለጠየቁኝ እተወዋለሁ። አንድ ኩባንያ ፈቃድ አወጣና ከሰሉን ተከትሎ ወደ ተራራው ሆድ ዋሻ ለመቆፈር ተነሣ። ከቁፋሮው በፊት መሬቱ ውስጥ ምን እንዳለ ማወቅ ነበረበትና ወይንሸት የምትባል የዩኒቨርሲቲ የጂኦፊዚክስ መምህርት ቀጠረ። እኔም ጥናቱን እንድዘግብ ተጋብዤ ሄድኩ።

ወይንሸት ወላይታ ተወልዳ ያደገች፣ ጥቂት የምትናገር ሴት ናት። ሥራዋን በአጭሩ አስረዳችኝ። የብረት ካስማዎች በአንድ መስመር እየተራራቁ መሬት ላይ ይመታሉ፣ በገመድ ይያያዛሉ፣ ከዚያ ከባትሪ ኤሌክትሪክ ይለቀቅባቸዋል።

«እርጥብ መሬት ዝም ብሎ ያሳልፈዋል» አለችኝ። «ደረቅ ድንጋይ ያስቸግረዋል። አየር ብቻ ያለበት ባዶ ጉድጓድ ደግሞ ጭራሽ እምቢ ይላል። እኛ የምንለካው እምቢታውን ነው።»

ቁጥሮቹ ኋላ በቀለም ይሳላሉ። ሰማያዊው ውኃ ያዘለ፣ ቀዩ ደረቅና ጠንካራ መሬት ነው።

ካስማ መቺው ሙላት ነበር፤ የዚያው አገር ገበሬ፣ ሲመታም ሲያወራም የማይደክመው። ወይንሸት የመለኪያው ሣጥን ላይ አጎንብሳ ቁጥር ስታነብ መዶሻውን ተደግፎ ይጠይቃታል።

«ምን አለችሽ መሬት?»

«ገና አልመለሰችም።»

«ከደወልሽ ቆየሽ እኮ። ኔትወርክ የለም በያ።»

ትንሽ ቆይቶ ደግሞ፣ «እቴ ወይንሸት፣ የጠፋች በቅሎዬንስ በዚህ ገመድ አታፋልጊልኝም?»

«መሬት ውስጥ ከገባች አገኛታለሁ።»

«እሷስ የገባችው ሐሙሲት ገበያ ነው» አለና ሠራተኛው ሁሉ ሳቀ።

ረፋዱ ላይ መስመሩ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ጋር የተያያዘው የመቃብር ቦታ ደረሰ። የደብሩ አለቃ መምሬ ተስፋሁን መቋሚያቸውን ይዘው ወጡ። አልጮኹም።

«ልጄ፣ ሥራሽ መልካም ነው። እዚህ ግን ብረት የሚገባው ሬሳ ሲመጣ ነው፤ ያውም ጸሎት ተደርሶ። ለሌላ አይገባም።»

ወይንሸት አልተከራከረችም። «እሺ አባ፣ እንዘለዋለን» አለች። ሙላት ገመዱን ጠቀለለ። ከመቃብሩ ማዶ ሌላ ካስማ ተመታና ሥራው ቀጠለ። የተዘለለው ስፋት በእኔ እርምጃ ዘጠና ነበር። ቆጥሬዋለሁ። ማስታወሻ ደብተሬ ላይም ጻፍኩት።

ክረምቱ ሲገባ ኩባንያው ደብረ ታቦር በአንድ ሆቴል አዳራሽ የጥናቱን ውጤት ይፋ አደረገ። የሥራው ኃላፊ አቶ ጌታሁን ትልቅ ባለቀለም ካርታ ግድግዳው ላይ አሰቅለው፣ «አካባቢው ሙሉ በሙሉ በዘመናዊ መሣሪያ ተጠንቷል፤ ለቁፋሮ ስጋት የሚሆን ነገር አልተገኘም» አሉ። ካርታው ያምር ነበር። ከዳር እስከ ዳር ቀለም ነበረው። የመቃብሩ ቦታም ቀይ ነበር። ቃላቸውን ጻፍኩ። ሙላት ካስማ ሲመታ በግንቦት ያነሣሁትን ፎቶ አያይዤ ላክሁ። «ሙሉ በሙሉ ተጠንቷል» የሚለው ርዕስ ሆኖ ወጣ። እንደ ሙያው ስሕተት የለበትም፤ ኃላፊው በእርግጥ እንደዚያ ብለዋል። ወይንሸት አዳራሹ ውስጥ አልነበረችም። ለምን እንዳልነበረች አልጠየቅሁም፤ አልደወልኩላትም።

መስከረም ሊያልቅ ሲል፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ ስልኬ ጮኸ።

«መኪና አለህ?» ወይንሸት ነበረች።

«የቢሮው አለ።»

«ይዘህ ና፣ መሣሪያዬን እንጫን። የከሰሉ ዋሻ ውስጥ ውኃ ጥሶ ገብቷል። ሌሎቹ አምልጠዋል፤ ሁለት ሰዎች ውስጥ ቀርተዋል።»

መንገድ ላይ ባትሪውን እግሯ ሥር አድርጋ ፊት ለፊት ብቻ ታይ ነበር። ውኃው ከየት ሊመጣ እንደሚችል ጠየቅኋት።

«ካልለካሁት ቦታ ነው የሚሆነው።»

«ካርታው ላይ ግን ቀይ ነው» አልኳት።

ዞር ብላ አየችኝ። «እኔ ነጭ አድርጌ ነው ያስረከብኩት። 'አልተለካም' ብዬ በእጄ ጽፌበታለሁ። እነ አቶ ጌታሁን ነጭ ያለበት ካርታ ለበላይ አካል አይቀርብም ብለው በኮምፒውተር አስሞሉት። ኮምፒውተሩ የሚሞላው ግራና ቀኙን አይቶ ነው። ግራና ቀኙ ቀይ ስለሆነ መሃሉንም ቀይ አደረገው። ጋዜጣ ላይ ሳየው ደብዳቤ ጻፍኩላቸው፤ በሚቀጥለው ኅትመት ይስተካከላል አሉኝ።» ከዚያ ጨመረች፤ «አንተ እኮ ገመዱ ሲጠቀለል ቆመህ ታይ ነበር።»

ዳገቱን በከባድ ማርሽ ወጣን።

ስንደርስ ሕዝቡ ገደሉን ሞልቶታል። ዋሻው ከበሩ ቁልቁል ይወርድና ጫፉ ላይ መልሶ ሽቅብ ይወጣል፤ ከሰሉ የተኛው እንደዚያ ስለሆነ። ውኃው ዝቅ ያለውን መሃል ሞልቶ በሩ ድረስ ጠቁሮ ቆሟል። ውስጥ የቀሩት ሰዎች በሕይወት ካሉ ያሉት ከውኃው ማዶ፣ ከፍ ባለው ጫፍ ላይ ነው። ሁለቱም ለቁፋሮው የተቀጠሩ የአገሩ ሰዎች ናቸው፤ አንደኛው አዲሱ የሚባል ጎረምሳ ነበር። ሁለተኛው ሙላት።

አቶ ጌታሁን ቢጫ ቆብ አጥልቀው ስልክ ያወራሉ። ዘግተው ወደ እኛ መጡ። «መረጋጋት ነው። ፓምፕ ከባሕር ዳር ተነሥቷል» አሉ።

«ስንት ሰዓት ይደርሳል?» አለች ወይንሸት።

«ዛሬ ይደርሳል።»

«የዋሻው ጫፍ ከላይ ሲታይ የት ላይ ነው?»

ካርታቸውን ዘረጉ። ስንት ሜትር እንደተቆፈረ ያውቃሉ፤ ወዴት ወዴት እንደታጠፈ ግን የመዘገበ ሰው አልነበረም። ጣታቸው ቀዩ ላይ ዞሮ ዞሮ አንድ ቦታ ላይ ቆመ። ወይንሸት ካርታውን አጥፋ መለሰችላቸው።

ያኔ ከመቃብሩ በኩል ጩኸት ተሰማ። ሴቶች እያማተቡ ወደ ኋላ ይሸሻሉ። አንዲት ሴት ብቻ መሬት ላይ ተደፍታ ጆሮዋን ሣሩ ላይ አድርጋለች። የሙላት ሚስት እናኑ ነበረች።

«ከመቃብር ውስጥ ያንኳኳል» አለኝ አንድ ሽማግሌ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ቀረብ አትበል።»

መምሬ ተስፋሁን መጡ። ወይንሸት ጫማዋን አውልቃ ቀረበቻቸው።

«አባ፣ የዚያን ቀን የዘለልነውን ካልለካሁ የት እንደሚቆፈር አላውቅም። ድምፁ ይሰማል፣ ግን ድንጋይ ድምፅ ይበትናል። በስሕተት ውኃው ላይ ከቆፈርን ቀኑ ያልቃል።»

እሳቸው ወደ መሬቱ እያዩ፣ «ከዚህ ሥር ወታደር የፈለፈለው ዋሻ አለ» አሉ። «በደርግ ጊዜ ነው፣ የጥይት ማስቀመጫ ብለው። አፉ ከተናደ ቆየ። ክረምት በመጣ ቁጥር ውኃ ሲጮህበት እንሰማለን።»

ውኃው የመጣው ከዚያ ነው። ከሰል ቆፋሪዎቹ አሮጌውን ዋሻ ነክተውታል።

«ለምን አልተናገሩም፣ መምሬ?» አልኳቸው።

«ማን ጠየቀኝ? መሬት ውስጥ የሚያይ መሣሪያ መጣ ተባለ። ለሚያይ ምን ይነገረዋል? ደግሞስ እንዘለዋለን አላችሁኝ። የተዘለለ አይቆፈርም ብዬ ተቀመጥኩ።»

የኩባንያው ሰዎች ደግሞ አንድ ነገር ቢኖር ሕዝቡ ይነግረን ነበር ብለው ተቀምጠዋል። እንዲህ ነው የሆነው። ሁለቱም ወገን ሌላው ያውቃል ብሎ ዝም አለ። መሃል ላይ ቆሜ ሁለቱንም መጠየቅ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ፤ ሥራዬ ጥያቄ ነው።

መምሬ ተስፋሁን በመቋሚያቸው ተደግፈው ተንበረከኩና ከእናኑ ጎን ጆሯቸውን መሬት ላይ አደረጉ። ሕዝቡ ጸጥ አለ። እኔም ሰማሁት፤ ሦስት ጊዜ፣ ፋታ፣ ደግሞ ሦስት ጊዜ።

ተነሥተው ልብሳቸውን አራገፉ። «ሙታን አይቸኩሉም» አሉ። «የሚያንኳኳው ሕያው ነው። ብረቱን አምጡ።»

አጭር ጸሎት አደረሱ። ካስማ ለመያዝ የደፈረ ሰው ግን አልነበረም። የዚያ አገር ሰው በቅርቡ የቀበረውን ወንድሙን በብረት ሊወጋ አይችልም። መምሬ መዶሻውን ተቀብለው የአባታቸው መቃብር ራስጌ ላይ ሄዱና የመጀመሪያውን ራሳቸው መቱ። ከዚያ በኋላ ሁሉም ተሻማ።

ወይንሸት ገመዱን አያይዛ ሣጥኑ ላይ አጎነበሰች። «ምን አለችሽ መሬት?» የሚል ሰው አልነበረም። ቁጥሩን እያነበበች ትነግረኛለች፣ እጽፋለሁ። መጀመሪያ ቁጥሩ ዝቅ አለ። «ውኃና ጭቃ ነው፤ የወታደሩ ዋሻ» አለች። ካስማው ተነቅሎ ወደፊት ተተከለ። አሁንም ዝቅ ያለ ነው። አቶ ጌታሁን በጣታቸው ያሳዩት ቦታ ላይ ስንደርስም ዝቅ እንዳለ ነበር። እሳቸው ያሉት ቦታ ቢቆፈር ኖሮ ውኃ ይገኝ ነበር። ከቅጥሩ ጥግ፣ ከአንዲት የወይራ ዛፍ ሥር፣ ቁጥሩ በአንዴ ወደ ላይ ተተኮሰ። እንደገና ለካችው። ሦስተኛም ለካችው።

«እምቢ አለች» አለች ወይንሸት። «ባዶ ነው። አየር ነው። እዚህ ናቸው፤ ጥልቀቱ ሰባት ሜትር ቢሆን ነው።»

ሰባት ሰዓት ነበር። መንገድ ሲጠርግ የቆየ የኩባንያው ስካቫተር መቶ እርምጃ የማይሞላ ርቀት ላይ ቆሟል፣ ሾፌሩም መቀመጫው ላይ ነው። አቶ ጌታሁን ሾፌሩን በእጃቸው አስቆሙት።

«ያለ ደብዳቤ መቃብር አልቆፍርም» አሉ። «ነገ መቃብር ደፈረ ተብዬ ብከሰስ ማን ነው የሚጠየቅልኝ? ደብሩ በማኅተም ይጻፍልኝ።»

«እኔ እዚህ ቆሜ ቆፍሩ እያልኩ ነው» አሉ መምሬ።

«በቃል አይሆንም፣ አባቴ።»

እናኑ መጣች። እጇ አፈር ነው። «ጌታዬ፣ ሲገቡ ማኅተም ጠየቋቸው? ለመግባቱ ያልጠየቁትን ለመውጣቱ ለምን ይጠይቃሉ?»

አቶ ጌታሁን ስልካቸውን አወጡ። ያኔ ነው የጮህኩት። «ሰው ከእግርዎ ሥር እያንኳኳ ነው! ሰውየውን ሰምተውታል! ምን ዓይነት ደብዳቤ ነው የሚጠብቁት?» አልኩ። ሌላም ብዙ ተናግሬያለሁ። ያልኩትን ሁሉ አላስታውስም፤ የማልደግመውም አለበት። እሳቸው በእርጋታ፣ «አንተ ጋዜጠኛ ነህ፣ ሥራህን ሥራ» አሉኝ።

ማኅተሙ ዕቃ ቤት ነበር፤ ቁልፉ ደግሞ እርሻ ላይ የዋለ አንድ ዲያቆን ዘንድ። ሰው በበቅሎ ተላከ። ሕዝቡ እስከዚያ ዝም ብሎ አልቆመም፤ በአካፋና በዶማ ተያያዘው፣ ግን ከአፈሩ በታች ድንጋይ ነበር። ደብዳቤው ተጽፎ፣ ማኅተም ተመትቶበት ስካቫተሩ ሲነሣ ስምንት ሰዓት ከሩብ ሆኗል። ሰዓቴን ያየሁት ስለለመደብኝ ነው። አሁን ባላየሁ እላለሁ።

ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ሲል እናኑ ከመሬት ቀና አለች። «ቆመ» አለች።

«ምኑ?»

«የሚያንኳኳው።»

ወይንሸት «በማሽኑ ጩኸት አይሰማሽም ይሆናል» አለቻት። እናኑ ጆሮዋን መልሳ ሣሩ ላይ አደረገች።

አሥር ሰዓት ገደማ የስካቫተሩ ጥርስ ባዶ ነካ። ከሥር የታፈነ አየር ወጣ። ሰው በገመድ ወረደ። መጀመሪያ አዲሱ ወጣ፤ ጥቁር ጭቃ ሆኖ፣ ሁለት እጁን ዓይኑ ላይ ጭኖ። እናቱ አቅፋው ወደቀች። ቀጥሎ ገመዱ እንደገና ወረደ፣ ቆየም። እናኑ ከጉድጓዱ አፍ አልተንቀሳቀሰችም። ሙላት በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ወጣ። ድንጋይ ጭኑን ሰብሮት ነበር። ፊቱ የተኛ ሰው ፊት ነው።

ከቀናት በኋላ አዲሱን ደብረ ታቦር ሆስፒታል አልጋው ላይ አነጋገርኩት። «የሚያንኳኳው እሱ ነበር» አለኝ። «እኔ ፈርቼ አለቅስ ነበር። 'አንተ አየሩን አትጨርስ፣ እኔ እደውላለሁ' አለኝ። መደወል ነበር የሚለው። ማሽኑ ከላያችን ሲጮህ ሰምቷል። 'ኔትወርኩ መጣ' አለኝ። ከዚያ በኋላ አልተናገረም።»

በማኅተም ፍለጋ የባከነው ሰዓት ሙላትን ያድነው ነበር ብዬ አልጽፍም። ያን ያለኝ ሐኪም የለም። የማውቀው ማሽኑ ሲነሣ ሙላት ሕይወት እንደነበረው ነው።

አጣሪ ኮሚቴ ተቋቋመ። ሪፖርቱን ቢሮዬ ቁጭ ብዬ አነበብኩት። አደጋው «አስቀድሞ ሊታወቅ የማይችል የተፈጥሮ ክስተት» ተብሏል፤ አካባቢው ሙሉ በሙሉ ተጠንቶ ነበርና። ለዚህ ማስረጃ ሆኖ ከኋላ የተያያዘው ወረቀት የወይንሸት ጥናት አልነበረም። የእኔ ዘገባ ነበር። ጥናቱ ሲካሄድ በቦታው የነበረ ገለልተኛ ጋዜጠኛ ያረጋገጠው ይላል። ደብተሬን ይዤ ሄድኩ፣ ቃሌን ሰጠሁ፣ ወይንሸትም ነጩን ካርታዋን አቀረበች። ሰነዱ ተያይዟል ተባልን፤ ሪፖርቱ ግን አልተለወጠም። አቶ ጌታሁን ወደ ሌላ ቦታ ተዛወሩ። ጋዜጣው ማስተካከያ አወጣልኝ፤ በውስጥ ገጽ፣ በሁለት መስመር።

አንባቢዎቼ፣ መሣሪያውን አትጥሉት። መሣሪያው አልዋሸም። የለካውን ተናግሯል፣ ያልለካውን ነጭ ትቶታል። የዋሸው ነጩን ለማየት ያፈረው ሰው ነው። ነገ ደግሞ በእናንተ መንደር ወርቅ ወይም የከርሰ ምድር ውኃ ፍለጋ ይመጣል፤ ባለቀለም ካርታም ይሰቀላል። ቀለሙን አትጠይቁ። የትኛው ቦታ ሳይለካ ቀረ? ካስማው ያልተመታው የት ነው? ብላችሁ ጠይቁ። እንደ እኔ ያለ ረጋ ያለ ሰው ደብተር ይዞ ከጎን ቢቆም ደግሞ አትመኑት፤ እሱንም ጠይቁት። እርጋታዬን እንደ እውነት ቆጥሬው ነበር። ነገሩ ግን የሌላ ሰው ባል ላይ ስለሚደርስ ብቻ የመጣ እርጋታ ነበር።

ለአርባው ተዝካር ሄድኩ። ዳሱ ውስጥ ብዙም ሳልቆይ እናኑ ወደ ቤት አስገባችኝ። ጋዜጣው ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። ሙላት መዶሻውን አንሥቶ ይስቃል።

«እሱ ነው የለጠፈው፣ ፎቶው ስላለበት» አለች። «እዚያ ጥግ መቆፈር ሲጀምሩ ይቅርብህ ብዬው ነበር፤ ያልተለካ መሆኑን እሱው ነግሮኝ ነበርና። ምን እንዳለኝ ታውቃለህ? 'ገመዱን የጠቀለልኩትስ እኔ ነኝ። ግን ጋዜጣው ሙሉ በሙሉ ይላል። ኋላ መጥተው ለክተውት ይሆናል፤ ጋዜጠኛው ዝም ብሎ አይጽፍም' አለኝ።»

ደብተሬን ከኪሴ አወጣሁ። ለምን እንዳወጣሁት አላውቅም። የግንቦቱን ገጽ ገለጥኩ። እሷ ማንበብ ስለማትችል አንብብልኝ አለችኝ። አነበብኩላት።

«የመቃብሩ ቦታ፣ ዘጠና እርምጃ፣ ሳይለካ ታለፈ።»

«ይኼ የዚያን ዕለት የጻፍከው ነው?»

«አዎ።»

«ታዲያ ለምን አላወጣኸውም?»

«አስፈላጊ አልመሰለኝም» አልኳት። ሌላ ምክንያት ፈልጌ አጣሁ፤ እውነቱ ይኸው ነበር።

እናኑ ግድግዳውን አየች፣ እኔን አየች።

«ለማን?» አለችኝ።